ሲጽፉበት የሚጠፋ ቢት፦ የአንድ ቻርጀር ድራይቨር የሬጅስተር ኮድ እንዴት እንዳቀለልነው

መነሻው

ነገሩ የጀመረው ከመስክ በመጣ ቅሬታ ነው። በሶላር የሚሰራ ትንሽ ቦርድ አለን፣ ሊነክስ ነው የሚሮጥበት፣ ባትሪውን የሚሞላው ደሞ በአይ ቱ ሲ (ቺፖች በሁለት ሽቦ የሚነጋገሩበት) መስመር የምናናግረው የቻርጀር ቺፕ ነው። ማታ ቦርዱ ይተኛል፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይነሳል። ከተነሳ በኋላ ግን አንዳንዴ ባትሪው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውሎ አይሞላም። አጥፍተው ሲያበሩት ይስተካከላል። «አጥፍተህ አብራው» የምትለዋ መድኃኒት ስለሰራች ለረጅም ጊዜ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀም፣ እኛም አልጠየቅንም።

የመስሪያ ቤቱንም የቺፑንም ስም አልጠራም፣ ለትምህርቱ አያስፈልግም። ሶስት ሰዎች ነበርን። እኔ፣ ከእኔ በኋላ የተቀጠረ አንድ ጎበዝ ልጅ፣ እና ቦርዱን ዲዛይን ያረጉት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው። ድራይቨሩን (ሊነክስን ከቺፑ ጋር የሚያነጋግረውን ኮድ) የጻፈው ሰው ከመስሪያ ቤቱ ከወጣ ቆይቷል፣ በቴሌግራም አግኝቼው ነበር። «ያኔ ቺፑ አልመልስልኝ ብሎ ስንት ቀን አሰቃየኝ፣ የመለሰልኝ ቀን ነው እጄን ያነሳሁት» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ብዙ ድራይቨር እንደዚ ነው የሚወለደው፣ ስለዚ ከዚህ በታች የምጽፈው እሱን ለማማት አይደለም።

ኮዱ ምን ይመስል ነበር

ፋይሉ ወደ 2100 መስመር ነበር። ቺፑ ውስጥ ያሉት ሬጅስተሮች (ቺፑ ሴቲንጉንና ሁኔታውን የሚይዝባቸው ትንንሽ ቦታዎች) ባለ 16 ቢት ናቸው፣ አንዷን ቢት ለመቀየር ኮዱ የሚያረገው ይሄን ነው፦ ሎክ ያዝ (ሌላ ኮድ በመሀል እንዳይገባ)፣ አንብብ፣ ኤረር ካለ ውጣ፣ ሁለቱን ባይት ገልብጥ፣ ማስክ አርግ (የምትፈልጋቸውን ቢቶች ብቻ ለይ)፣ አዲሱን ቫልዩ ጨምር፣ መልሰህ ገልብጥ፣ ጻፍ፣ ሎክ ልቀቅ። ይቺ ዘጠኝ አስር መስመር ከ60 በላይ ቦታ ኮፒ ፔስት ተደርጋለች፣ ኮፒ ሲደረግ ደሞ እንደምታውቁት ሁሌ የሆነች ነገር ትቀራለች፣ ሁለት ቦታ ላይ ኤረር ሲመጣ ሎኩን ሳይለቅ ነው የሚወጣው።

ባይት መገልበጡ ከየት መጣ ለሚል፣ ቺፑ የሚልከው ትልቁን ባይት አስቀድሞ ነው፣ የኤስ ኤም ባስ (በአይ ቱ ሲ ላይ የተሰራ የመነጋገሪያ ደንብ) የወርድ፣ ማለትም የሁለት ባይት፣ አነባበብ ደሞ ትንሹ ባይት ቀድሞ ይመጣል ብሎ ነው የሚጠብቀው። ስለዚ የሆነ ቦታ መገልበጥ ግድ ነው። ጥያቄው አንድ ቦታ ነው ወይስ 60 ቦታ ነው የሚለው ነው።

ቁጥሮቹ ደሞ ራቁታቸውን ነው የተቀመጡት፣ ስም የላቸውም። ኮዱን ስታነብ ዳታሺቱን (የቺፑን መግለጫ ሰነድ) ጎን ለጎን ካልከፈትክ ምን እየተደረገ እንደሆነ አታውቅም።

ከዛ ላይ ድራይቨሩ የ14 ሬጅስተሮችን ኮፒ በራሱ ቫርያብሎች ይይዝ ነበር። ቦርዱ ሲተኛ ቺፑ ፓወር ያጣና ሁሉን ይረሳል፣ ሲነሳ ድራይቨሩ ከነዛ ቫርያብሎች አንድ በአንድ መልሶ ይጽፍለታል። ቆጠርነው። መልሶ የሚጽፈው 12ቱን ብቻ ነው። የቀሩት ሁለቱ የቻርጅ ከረንቱና የኢንፑት ሊሚቱ ናቸው። ለካ ቦርዱ ጠዋት ሲነሳ ቺፑ ከፋብሪካ በወጣበት ትንሽ ከረንት ነው የሚሞላው፣ ቅሬታው ይሄው ነበር። አንዳንዴ ብቻ የሚሆነው ደሞ ሌላ አንድ ፋንክሽን ባትሪው ሲሞቅና ሲበርድ ከረንቱን እንደገና ስለሚጽፍ ነው፣ የሙቀት ለውጥ ከነበረ ሳይታሰብ ይስተካከላል።

ጥገናው ሁለት መስመር ነበር፣ የዛኑ ቀን ማታ ጨምረን ላክነው። እዛው ማቆም ይቻል ነበር፣ አለቃችንም ያለው እንደዛ ነው። ግን ሁለት መስመር የጎደለ መሆኑን ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብናል፣ ያ ነው ያላስተኛኝ።

መጀመሪያ የሞከርኩት

ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ እኔ መጀመሪያ ያረኩት የራሴን ማክሮ (በአንድ ስም የሚጠራ የኮድ ቁራጭ) መጻፍ ነው። ያቺን ዘጠኝ መስመር በአንድ ማክሮ ጠቀለልኳት፣ ሎኩንም መገልበጡንም ውስጥ ደበቅኩት። ፋይሉ በአንድ ከሰአት አጠረ፣ ደስ አለኝ።

ቦርዱ ላይ ስንጭነው ድራይቨሩ ገና ሲነሳ ደርቆ ቀረ። ምክንያቱም አንዳንዶቹ ፋንክሽኖች ሎኩን ራሳቸው ከላይ ይይዙታል፣ ውስጥ ያለው የኔ ማክሮ ደሞ ያንኑ ሎክ እንደገና ሊይዝ ይሞክራል፣ የከርነል (የሊነክስ እምብርት) ሚውቴክስ የሚባለው ሎክ ደሞ ያው ባለቤቱ ራሱ ሁለቴ ልያዘው ቢል አይፈቅድም፣ ራሱን እየጠበቀ ይቀራል። ኮዱን ብታነብ ሎክ የሚባል ነገር አይታይህም፣ ማክሮው ውስጥ ነዋ። ሶስት ቀን ከባከነ በኋላ ሙሉውን ጣልኩት። ያሳጠርኩት ጽሁፉን እንጂ ችግሩን አልነበረም፣ እያንዳንዱ ሬጅስተር ምን አይነት ጠባይ አለው የሚለው እውቀት አሁንም በሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው፣ ባሰ እንጂ አልተሻለም።

ጠባያቸውን መጻፍ

ከርነሉ ውስጥ ሬግማፕ የሚባል ነገር አለ። ከሳውንድ ድራይቨሮች ኮድ ተነቅሎ ወጥቶ በ2011 በወጣው በከርነል 3.1 ላይ ነው የገባው፣ ስራው የማርክ ብራውን ነው። ሀሳቡ ቀላል ነው፣ ስለሬጅስተሮቹ አንድ መግለጫ ትሰጠዋለህ፣ አድሬሱ ስንት ቢት ነው፣ ቫልዩው ስንት ቢት ነው፣ የትኛው ባይት ይቀድማል፣ ከዛ ማንበብ መጻፍ ሎክ መያዝ መገልበጥ እሱ ይጨርሰዋል። ከፈለግክ ካሽ (የሬጅስተሮቹን ቫልዩ ኮፒ) ይይዝልሃል፣ ቺፑ ተኝቶ ሲነሳም መልሶ ይጽፍለታል።

ኮድ ከመንካታችን በፊት ጋሼ ቢሮ ገብተን ዳታሺቱን ፕሪንት አርገን ቁጭ አልን። ለእያንዳንዱ ሬጅስተር አራት ጥያቄ ነበረን። ይነበባል? ይጻፍበታል? እኛ ሳንነካው በራሱ ይቀየራል? ማንበቡ ወይ መጻፉ ራሱ የሚያስከትለው ነገር አለ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ናት ከባዷ። ልጁ አንዷን ቢት በጣቱ እያሳየ «ጋሼ፣ ይቺ ስናነባት ነው የምትጠፋው ወይስ ስንጽፍባት?» አላቸው። መነጽራቸውን ከፍ አርገው አዩና «ስትጽፍባት ነው ልጄ፣ አንድ ስትጽፍባት ዜሮ ትሆናለች። ያቺ ታችኛዋ ናት ስታነባት የምትጠፋው፣ እሷን ዝም ብለህ እንዳትነካካት» አሉት። ይቺን ወሬ ያኔ በደንብ ሰምተናት ቢሆን ኖሮ ከታች የምጽፈው ግማሹ ባልደረሰብን ነበር።

ሰንጠረዡ ሁለት ቀን ተኩል ፈጀ። ከሁሉም ስራ ያ ሁለት ቀን ተኩል ነው የጠቀመን፣ በሆነ ምክንያት ግን ማንም እንደስራ አይቆጥረውም፣ ሪፖርት ላይ ምን ብለህ ትጽፋለህ።

ሥራው እንዴት ሄደ

መጀመሪያ የድሮው ድራይቨር ምን እንደሚያረግ ቀዳነው። ከርነሉ በመስመሩ የሚያልፈውን የሚመዘግቡ የአይ ቱ ሲ ትሬስ ኢቨንቶች አሉት፣ እነሱን አብርተን ቦርዱን አስነሳነው፣ ሶላሩን ሰካን ነቀልን፣ አስተኛን ቀሰቀስን፣ በመስመሩ ላይ ያለፈውን እያንዳንዱን ጽሁፍ ፋይል ላይ አስቀመጥን። ከዛ በኋላ ከእያንዳንዱ ፓች (የኮድ ለውጥ) በኋላ ያንኑ ነገር ደግመን ሁለቱን እናወዳድራለን። ማንበቡን አላወዳደርንም፣ ካሽ ካለ ንባቡ መቀነሱ አይቀርም። መጻፉ ግን አንድ አይነት መሆን አለበት፣ ካልሆነ ለምን እንዳልሆነ ማስረዳት መቻል አለብን።

ከዛ አንድ ፓች አንድ የሬጅስተር ቡድን። መጀመሪያ ካሽ ሳይኖር ማንበቢያና መጻፊያውን ብቻ ወደ ሬግማፕ አዞርን፣ ቀጥሎ ራቁት ቁጥሮቹን ጄንማስክና ቢት በሚባሉት የከርነሉ ማክሮዎች ስም ሰጠናቸው፣ ማስገቢያና ማውጫውን በፊልድ ፕሬፕና ፊልድ ጌት አረግን። ፊልድ ፕሬፕ አንድ የምወድለት ነገር አለ፣ የምትሰጠው ቋሚ ቁጥር ከቦታው በላይ ከሆነ ኮዱ ኮምፓይል አይሆንም። ከአሮጌው ኮድ አንዲት እንደዛ የተትረፈረፈች ቁጥር ይዞልናል። ካሹን የጨመርነው በመጨረሻ ነው።

የተበላሸው

የመጀመሪያው ቻርጅ ከረንቱ ላይ ነው። በዳታሺቱ ከረንቱ ታችኛዎቹ 6 ቢቶች ላይ ነው፣ አንዷ እርምጃ 50 ሚሊ አምፒር፣ ስለዚ 20 ከተጻፈ 1000 ሚሊ አምፒር ማለት ነው። ከለወጥነው በኋላ ሶፍትዌሩ ዜሮ ነው እያለ ሜትሩ ግን አንድ አምፒር ያሳያል። ነገሩ ምንድነው፣ የድሮው ኮድ እዚች ቦታ ላይ ባይቶቹን መገልበጥ ረስቷል፣ ግን ጻፊው በሙከራ ይመስለኛል ማስኩን ራሱን ገልብጦ ላይኛው ባይት ላይ አርጎታል፣ ሁለት ስህተት ተደጋግፈው ቆመዋል። እኛ መገልበጡን አስተካክለን ማስኩን እንዳለ ስናሻግረው አንደኛው ደጋፊ ተነሳ። ትሬሱ ባይኖር ኖሮ ቺፑን ነበር የምናማው።

ሁለተኛው ዋችዶጉ ነው። ቺፑ በየተወሰነ ሰኮንድ «አለሁ» ካላልከው ፕሮሰሰሩ ሞቷል ብሎ ሁሉን ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ ይመልሳል። አለሁ የምትለው አንዲት ቢት ላይ አንድ በመጻፍ ነው፣ ቺፑ ያያትና ራሱ ዜሮ ያረጋታል። ካሹን ስናበራ ይቺን ሬጅስተር በራሱ የሚቀየር ብለን ሳናስመዘግብ ቀረን። የመጀመሪያዋ አለሁ ሄደች፣ ካሹ ላይ አንድ ተብላ ተቀመጠች። ሁለተኛዋ ስትመጣ ሬግማፕ አፕዴት ቢትስ (አንብቦ የተባለውን ቢት ብቻ ቀይሮ የሚጽፈው ፋንክሽን) ካሹን አየና «አንድ ናት እኮ፣ ምን ልጻፍ» ብሎ ዝም አለ። ከዛ በኋላ ለቺፑ አንድም ቃል አልሄደም። እኛ እየጻፍን ነው ብለን ተቀምጠናል፣ ላም አለኝ በሰማይ። መፍትሄው ቀላል ነበር፣ ሬጅስተሩን ቮላታይል ብሎ ማስመዝገብ ብቻ፣ ያኔ ሁሌ ከቺፑ ነው የሚያነበው፣ ዜሮ ያገኛል፣ ይጽፋል።

ሶስተኛው ነው ዋናው ጉድ። ጋሼ ያሉት አንድ ሲጽፉበት ዜሮ የሚሆነው የአላርም ሬጅስተር። ሙቀት ሲበዛ አንዷ ቢት ትበራለች፣ ሶላሩ ሲነቀል ሌላዋ፣ የቻርጅ ሰአቱ ሲያልፍ ሌላዋ፣ የኢንተረፕት መስመሩም (ቺፑ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት ሽቦ) ይወርዳል። ያየሃትን አላርም ለማጥፋት እዛችው ቢት ላይ አንድ ትጽፋለህ።

እኔ እንደሌላው ሁሉ በአፕዴት ቢትስ ጻፍኳት። ሶላሩን ነቀልነው፣ በቶፕ (ሲፒዩውን ማን እንደያዘ በሚያሳየው ፕሮግራም) ስናይ የድራይቨሩ የኢንተረፕት ትሬድ ሲፒዩውን ይዞት ቁጭ ብሏል፣ የኢንተረፕት ቆጣሪው ይሮጣል። ምን ሆነ መሰላችሁ፣ አፕዴት ቢትስ መጀመሪያ ያነባል፣ ቢቷ አንድ ናት፣ እኔም አንድ አርግልኝ ነው ያልኩት፣ ስለዚ የሚቀየር ነገር የለም ብሎ አይጽፍም። አላርሙ አይጠፋም፣ መስመሩ አይነሳም፣ ሃንድለሩ (ኢንተረፕቱን የሚያስተናግደው ፋንክሽን) እንደጨረሰ ወዲያው እንደገና ይጠራል። ይሄ ከካሽ ጋር አይገናኝም፣ ሬጅስተሩ ቮላታይል ሆኖም ያው ነው።

እሺ ብዬ ሬግማፕ ራይት ቢትስ በሚለው ቀየርኩት፣ እሱ ቢቀየርም ባይቀየርም ይጽፋል። ሩጫው ቆመ፣ ፓቹን አስገባሁ፣ ቡና ልጠጣ ወጣሁ። ከአራት ቀን በኋላ ልጁ መጣና ሙቀትና መነቀል አንድ ላይ ሲመጡ የሙቀቱ አላርም አይደርስም አለኝ። አሁን ደሞ ተቃራኒው ነው። ራይት ቢትስም ቢሆን አንብቦ፣ ቀይሮ፣ ሙሉውን መልሶ ነው የሚጽፈው፣ ሲያነብ የሙቀቷም ቢት አንድ ከነበረች መልሶ አንድ ይጽፍባታል፣ አንድ መጻፍ ደሞ እዚህ ማጥፋት ነው። ማንም ሳያያት ጠፋች። ሙቀት እኮ ነው፣ ባትሪ ላይ። ይሄን ስረዳ እውነቴን ነው ላብ አጠመቀኝ።

ትክክለኛው ከሁሉም አጭሩ ነው፣ ሳያነቡ ያቺን ቢት ብቻ ይዞ ተራውን ሬግማፕ ራይት መጥራት። ለሌሎቹ ዜሮ ነው የሚሄደው፣ ዜሮ እዚህ ምንም አያረግም። የሚያሳዝነው የድሮው ኮድ እዚች ላይ ትክክል ነበር። ሌላው ሁሉ ቦታ አንብቦ የሚጽፈው ሰው እዚህ ጋ ዝም ብሎ ጽፏል፣ እኔ ነኝ «ወጥ ይሁን» ብዬ ያበላሸሁት።

አራተኛው አጭር ነው። ሬግማፕ ዲበግ ኤፍኤስ (ከርነሉ ለምርመራ የሚሰጠው የፋይል ቦታ) ውስጥ ሁሉንም ሬጅስተር የሚያሳይ ፋይል ይሰጥሃል፣ በጣም ነው የምትወደው። ልጁ የተበላሸ ቦርድ ላይ ፋይሉን ከፍቶ አየ፣ ያችን ሲያነቧት የምትጠፋዋን የፎልት ሬጅስተር አብሮ አነበባት፣ የምንፈልገው ማስረጃ እዛው ጠፋ። እንደዚ አይነቱን ሬጅስተር ፕሬሽየስ ብለህ ካስመዘገብክ ዲበጉ አይነካውም። ሰንጠረዡ ላይ ጽፈነው ነበር፣ ኮዱ ላይ ግን ማስገባት ረስተናል።

የተገኘው

ፋይሉ ወደ 1300 መስመር ወርዷል፣ ግን እሱ አይደለም ቁምነገሩ። 14ቱ ቫርያብሎች የሉም። ቦርዱ ሊተኛ ሲል ካሹን ቆሻሻ ነው (ማርክ ደርቲ) ብለን እናስመዘግባለን፣ ሲነሳ ካሹን ወደ ቺፑ መልሶ የሚጽፈው ሬግካሽ ሲንክ አንድ ጥሪ ነው፣ ማንም የሚረሳው ሬጅስተር የለም። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ማርክ ደርቲ ማለት ለከርነሉ «ቺፑ ሪሴት ሆኗል» ማለት ነው፣ ስለዚ ሲንኩ ከዲፎልት ሰንጠረዡ ጋር እኩል የሆነውን ቫልዩ ይዘለዋል። የዲፎልት ሰንጠረዥህ ከእውነተኛው ቺፕ ጋር ካልገጠመ ያው የድሮው በሽታ በሌላ በር ይመለሳል። እኛ ዳታሺቱን አላመንነውም፣ ቺፑን ሪሴት አርገን ያነበብነውን ነው የጻፍነው።

አዲስ ፊቸር ሲመጣ ደሞ ልጁ ብቻውን ይጨርሰዋል፣ እኔን ባይት ይገለበጣል ወይ ብሎ አይጠይቀኝም።

ወደ ሌላ ድራይቨር የሚሄደው

አፕዴት ቢትስ ለሴቲንግ ሬጅስተር ነው የተሰራው። ሪቪው ስታረጉ በአላርምና በስታተስ ሬጅስተር ላይ ካያችሁት ቁሙና ጠይቁ። ሁለተኛ፣ የሚያጠፋውን ቢት ስትቴስቱ ሁለት አላርም አንድ ላይ አስነሱ፣ አንድ ብቻ ከሆነ የተሳሳተውም ኮድ ያልፋል፣ የኔ አልፏል።

የድሮ ኮድ ከሌላው የተለየ መስሎ የሚታይበት ቦታ ላይ ወጥ ለማረግ አትቸኩሉ። ከሁለት ነገር አንዱ ነው፣ ወይ ስህተት ነው (እንደ ከረንቱ ማስክ) ወይ ሰውየው ተቃጥሎ የተማረው ነገር ነው (እንደ አላርሙ)። ከኮዱ ብቻ አይለይም፣ ዳታሺቱና ትሬሱ ናቸው የሚለዩት።

ሬጅስተሮቹ በሚሞሪ አድሬስ የሚገኙበት መሳሪያ ከሆነ ሬግማፕ ግዴታ አይደለም። ሪድኤልና ራይትኤል (የከርነሉ ማንበቢያና መጻፊያ)፣ ከላይ ፊልድ ጌትና ፊልድ ፕሬፕ፣ ቢት እስኪበራ መጠበቅ ሲያስፈልግ ደሞ በእጅ የተጻፈ ሉፕ ሳይሆን ሪድኤል ፖል ታይምአውት፣ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሬግማፕ በየጥሪው ሎክ መያዙ ፈጣን መንገድ ላይ ዋጋ ያስከፍላል፣ ለአይ ቱ ሲ ግን መስመሩ ራሱ ዘገምተኛ ስለሆነ አይሰማም። ብቻ አድሬሱን በተራ ፖይንተር አትንኩት፣ ኮምፓይለሩ ቅደም ተከተሉን ሊቀያይረው ይችላል። ፒሲአይ (ካርዶች የሚሰኩበት መስመር) ላይ ከሆናችሁ ደሞ የጻፋችሁት ነገር መሳሪያው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ሊቆይ ይችላል፣ አሁኑኑ መድረሱ ግድ ከሆነ ከዛው መሳሪያ አንድ ነገር መልሳችሁ አንብቡ።

ያልነካነው

አንድ ቦታ እንደድሮው ቀርቷል። ቦርዱ ሙሉ ለሙሉ ሲጠፋ ቺፑን ፓወር ቁረጥ የምትለው የመጨረሻዋ ጽሁፍ ኢንተረፕት ሁሉ ከተዘጋ በኋላ ነው የምትሄደው፣ እዛ ሰአት ላይ መተኛት የሚችል ሎክ (እስኪለቀቅ ድረስ ተኝቶ የሚያስጠብቅ) መያዝ አይቻልም፣ የሬግማፑ ሎክ ደሞ ሚውቴክስ ነው። ልጁ እሱንም ልለውጠው ብሎ ነበር፣ አንድ ቀን ሙሉ ሞከረ፣ ከርነሉ ማስጠንቀቂያ ሲተፋበት ተወው። አሁን እዛ ቦታ ላይ ከኮዱ በላይ እሱ የጻፋት ኮመንት አለች፦ «እዚህ ሬግማፕ አታስገቡ፣ ሞክሬዋለሁ፣ ሎኩ ይተኛል።»